አልቃሿ ደብሪቱና አርባው ቀን

ድሮ ነው፤ አያቴ ጡት ሳትጥል። ጠጋ በሉ እንጂ፤ ድምፄ እንደ ወትሮው አይደለም።

በዚህ ቀዬ ደብሪቱ የምትባል አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ሙሾ ታወርዳለች፣ እፍኝ እህል ይሰጧታል፣ ትሄዳለች። ለሰርግ የሚጠራት ግን የለም፤ «ገደ ቢስ ናት» ይሏት ነበር። አንድ ልጅ ነበራት፣ ይርዳው። እሱንም አረቄ ወሰደባት። በሬውን ሸጦ ጠጣ። ጎህ ሲቀድ አረቄ ቤት ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ቄሱ መምሬ ጥላዬ ዘንድ ወሰደችው። መምሬም «ሁለተኛ እንዳትቀምስ!» ብለው ገዘቱት። ሰኞ ተገዘተ፣ ሐሙስ ጠጣ። ግዝት አፍርሻለሁ ብሎ ጭራሽ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ፈራ።

ቀጥላ ጠበል ወሰደችው። ሁለት ሱባዔ ተጠመቀ፣ ፊቱ ጠራ። እሰይ! ሲመለስ ግን ማን ደጁን ይርገጥ? «ሰካራሙ መጣ» እያሉ ሸሹት። የሚስቅለት አረቄ ቤቱ ብቻ ነበር። ወደዚያው ሄደ። ምን ያድርግ!

በሦስተኛው ይርዳው ራሱ «እማዬ፣ ልተወው ነው፤ ግን ፈራሁ» አላት። ደብሪቱ ከል ለበሰች። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ ሙሾ አወረደች። ሕዝቡ «ማን ሞተ?» ብሎ ግር ብሎ መጣ።

«ልጄ ወዳጁን፣ አረቄውን፣ ቀበረ» አለች። «ክፉ ወዳጅ ነው፤ ግን ወዳጁ ነበር። ስንቱን ሬሳችሁን አለቀስኩላችሁ? አንድ ቀን እንኳ እኔ ቤት ለቅሶ ድረሱ!»

መምሬ አፈሩ። ግዝቱን ፈቱለትና ቀድመው ሄዱ። ሕዝቡ ተከተለ። ሰሌን አነጠፉ፣ ንፍሮ ቀቀሉ፣ እንደ ሐዘንተኛ መሀል አስቀመጡት። ከማዶ መንደር ሼህ ይመር መጥተው «አብሽር ልጄ» አሉት። አንዱ ሲወጣ አንዱ ገባ። አንድ ሞኝማ ሐዘን ያስረሳል ብሎ አረቄ ይዞ መጣ! ደብሪቱ «ሬሳውን ቤቴ ታመጣለህ?» ብላ አባረረችው።

ይርዳው ስለ አረቄው እንደ ሟች አወራ፣ አለቀሰ። «ናፈቀኝ» አለ። ማንም አልሳቀበትም። አርባ ቀን ተቀመጡለት። ከዚያ ወዲያ አልቀመሰም። ደብሪቱ ስታርፍ ቃሬዛዋን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው።

ለዚህ ነው በኛ አገር አረቄም ሆነ ጫት የተወ ሰው ቤት ንፍሮ ይዘን የምንሄደው፤ «እግዜር ያጽናህ» የምንለው። ዛሬ ልጆቻችን ከተማ ገብተው ሱሱን ብቻቸውን ሊተዉት ይታገላሉ አሉ። ማን ደጃቸውን ይርገጥላቸው? አንጀቴን ይበላኛል።

ለእኔም ተቀምጠውልኛል። ምን እንዲህ ታዩኛላችሁ! ከተውኩ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ዛሬም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሮሮዬ ይጠይቀኛል። ታዲያ በየማምሻው ጠርቼ የማወራችሁ ለምን መሰላችሁ?