ከጥሩምባው ኋላ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሹፌር። ቆይ፣ አታቋርጠኝ! «ከወንድሜ ጋር ሦስት ጊዜ ታረቅን፣ ሦስት ጊዜ ተመልሰን ተጣላን፤ ምን ጎደለን?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እሱኑ ነው የምመልስልህ።

ይህ ሹፌር የልብ ሕመም የጸናባቸውን አባቱን ይዞ ከሎጊያ ወደ አዳማ ሐኪም ቤት ተነሣ። መኪናዋ የአባትየው ናት። ወሩ ሰኔ ነው፤ የአፋርን ሰኔ ታውቀዋለህ፣ ድንጋይ እንኳ ያልበዋል። ሐኪሙ በስልክ «አደራ፣ ሙቀት እንዳያገኛቸው» ብሎታል። ሚሌን እንዳለፉ የመኪናዋ ኤሲ ማቀዝቀዙን ትቶ ትኩስ አየር ይተፋ ጀመር። መስኮት ቢከፍት የሚገባው እሳት ነው። የሽማግሌው ከንፈር ደርቋል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልጅየው መንገዱን ያያል፣ አባቱን ያያል፣ ደግሞ መንገዱን ያያል። በጣም ፈራ።

ገዋኔ ሲደርስ አንድ መካኒክ አገኘ። አባቱን ዳስ ጥላ ሥር አጋድሞ፣ «ወንድሜ፣ ድረስልኝ! የኤሲውን ጋዝ ሙላልኝና ልሂድ፤ አባቴ ሊሞትብኝ ነው!» አለው።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። «ከዚህ በፊት ተሞልቷል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እንግዲያው የሚያፈስ ቀዳዳ አለ። እሱን ሳላገኝ ብሞላልህ አዋሽ ሳትደርስ ያልቅብሃል።» ጥቂት ጋዝ አስገባና ሳሙና በጥብጦ በየመጋጠሚያው ቀባ፤ የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ያወጣል። አረፋ የለም። «ከጊዜ በኋላ የተገጠመ፣ የተነካ ነገር አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ ማንም አልነካትም» አለ ሹፌሩ።

ዋሸ! አባትየው «እኔ በሕይወት እያለሁ በዚች መኪና ላይ አንዲት ብሎን እንዳትጨምር» ብለው ቃል አስገብተውት ነበር። እሱ ግን ሠርግ ሲያጅብ ለመድመቅ ብሎ ከፊቱ ፍርግርግ ኋላ የከባድ መኪና ጥሩምባ አስገጠመ፤ እንዳይታወቅበትም ጥቁር ቀብቶ ከፋብሪካ የመጣ አስመሰለው። ኤሲው የደከመው ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ነው። ያውቃል እኮ! ከዚህ በፊት ጋዝ የሞሉለት ሦስት መካኒኮችም ይህንኑ ጠይቀውት ነበር፤ ለሁሉም «ማንም አልነካትም» አላቸው፤ ወሬው አባቱ ጆሮ እንዳይገባ።

መካኒኩ በላብ ተጠምቆ ቱቦውን ይዳብሳል። ሰዓቱ ይሄዳል። ሽማግሌው እዚያው ዳሱ ሥር፣ ሁሉን በሚሰሙበት ቦታ ያቃስታሉ። «ብናገር ይረግሙኛል፤ ዝም ብል ይሞቱብኛል» እያለ ሹፌሩ ቆሞ ይሟገታል። በዚህ መካከል ማቃሰቱ ቆመ።

ሹፌሩ ዘሎ ሄዶ እጁን በፍርግርጉ ሰደደና ጥሩምባውን ጨበጠ። «እዚህ ጋ ፈልግ! ይሄን ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። አባባ፣ ቃሌን በልቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ!»

መካኒኩ ጥሩምባውን ፈታው። ለካስ የታሰረበት ብረት ቱቦውን እየፈተገ በስቶታል፤ ሳሙናው ሲነካው አረፋው ቡልቅ አለ። ከአሮጌ መኪና በተፈታ ቱቦ ቀየረው፣ ጋዙን ሞላ፤ ቀዝቃዛው አየር መጣ። አባትየውን አቅፈው አስገቧቸው። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጥሩምባውንማ በጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ዕለት ሰምቼዋለሁ» አሉ። «አንተው እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። አዳማም በሰላም ገቡ።

አየህ ልጄ፣ እኛ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ አሳሳምናችሁ። ጋዝ መሙላት ማለት ያ ነው። በየጊዜው «ያልነገርከን ነገር አለ ወይ?» ስንልህ «ምንም የለም» አልከን፤ ይኸው አለቀ። አራተኛ አልሞላልህም! ተነሥና ወንድምህ ዘንድ ሂድ፤ የሸሸግኸውን በገዛ እጅህ አሳየው። አያውቅም ብለህ እንደሆነ ደግሞ ሞኝነትህን ተው፤ እሱም ጥሩምባህን ከሰማ ቆይቷል።