ከመንገዱ ዳር የተቆፈረው ቀይ አፈር

አንዲት ሴት ለመስቀል ቤቷን ልትለቀልቅ ቀይ አፈር ፈለገች። አፈሩ ሩቅ አልነበረም። አስፋልቱ ሲሠራ ኮረብታው ተቆርጦ ነበርና፣ ከመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመው ገደል ከሥሩ ልስልስ ያለ ቀይ አፈር አለው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ከዚያው ይቆፍራል። እናንተስ ብትሆኑ ከየት ታመጡ ነበር?

ከገደሉ አናት ላይ እትዬ ድንቄ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ያለቻቸው አንዲት ጎጆ ናት። ሴትዮዋ ስትቆፍር አዩና ከላይ ተጣሩ።

«ልጄ፣ በናትሽ ተይው። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቷል። ጓሮዬ ተሰንጥቋል።»

«እትዬ፣ እኔ የምወስደው አንድ ቅርጫት ነው። አንድ ቅርጫት ምን ያደርጋል?»

«የትናንትናዋም እንዲሁ ብላኝ ሄደች» አሉ። ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። ስንቱን ይከራከሩ? ደክሟቸዋል።

እኔም ደክሞኛል፣ ልጆቼ። ምን ያደርጋል፣ ምን ያደርጋል ስትሉ መስማት ሰልችቶኛል።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ገደሉ የሚቆምበት እግር አልነበረውም፤ እግሩን በቅርጫት ወስደውታል። ተንሸራቶ አስፋልቱን ሞላው፣ ጎጆዋም አብራ ወረደች። እትዬ ደመራ ሄደው ስለነበር ተረፉ። ማን አፈረሰባቸው ቢባል ማንም የለም። ሁሉም የወሰደው አንድ ቅርጫት ነው።

ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። መደብ ላይ አስቀምጣ ጋቢ ደረበችላቸው። እትዬ ገና ያልደረቀውን ግድግዳ በእጃቸው ዳሰሱት።

«ያምራል» አሉ። «እንግዲህ እዚህም በገዛ አፈሬ ውስጥ ነኝ ማለት ነው።»

ሴትዮዋ ወጥታ አለቀሰች።

ይህች ሴት ክፉ ናት? አይደለችም። ቤቷን ለበዓል ማሳመር ነው የፈለገችው። እናንተም ክፉ አይደላችሁም። ግን ቤታችሁን የምታሳምሩት ከማን ሥር ቆፍራችሁ ነው? የወንድማችሁን ስም በጨዋታ መሃል ትንሽ በክፉ ታነሳላችሁ፤ የሠራተኛችሁን እረፍት ዛሬም ትንሽ፣ ነገም ትንሽ ትሸራርፋላችሁ። ያ ሰው ተዉኝ ብሎ ብሎ ዝም ብሏል። ዝም ሲል ተመቸው አትበሉ። ደክሞት ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሂዱና የእሱን ደጅ አንኳኩ፤ ደጅ እያለው።