ተራው የተጠበቀለት ደወል

አንድ ንጉሥ ሩቅ አገር ዘምቶ ሲመለስ በተራራ ላይ ካለ መንደር የድንጋይ ደወል ወሰደ። የመንደሩ ደወሎች ጥንት ከአንድ ቋጥኝ የተጠረቡ ሁለት ነበሩ። ንጉሡ ትንሹን ንቆ ተወውና ትልቁን በአዳራሹ ውስጥ በሐር ትራስ ላይ አስቀመጠው። የመጣ እንግዳ ሁሉ እየዞረ ያደንቀው ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመንደሩ ደዋይ አባ ወልደየስ ትንሹን ደወል በአህያ ጭኖ መጣ። ለንጉሡ እጅ ነሣ፤ ግን አልለመነም።

"ንጉሥ ሆይ፣ ደወላችንን ልወስድ መጥቻለሁ" አለ።

ንጉሡ ሳቀ። "እናንተ ዘንድ ቢሆን ይሄኔ ተሰባብሮ ነበር። እዚህ አቧራ እንኳ አይነካውም፤ ስንቱ መጥቶ ያየዋል! ደግሞስ የእናንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?"

ሲወስድ ማንንም ያልጠየቀ ሰው ሲመልስ ማስረጃ ይጠይቃል።

"ስንቱ አየው፤ ድምፁን የሰማ ግን አለ?" አለ ሽማግሌው።

ማንም አልነበረም። አባ ወልደየስ ትንሹን ደወል በገመድ አንጠልጥሎ መታ፤ ጠበቀ፤ ደግሞ መታ፤ ደግሞ ጠበቀ።

"ለምን ታቆማለህ?" አለ ንጉሡ።

"የትልቁ ተራ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እንዲህ ስንደውል ተራውን አልዘለልነውም። እሱን አይተው የማያውቁ ልጆቻችን እንኳ አብረውን ይጠብቃሉ።"

ከዚያ ትልቁን ከትራሱ አስነሥቶ አሰቀለና ሁለቱን እያፈራረቀ ደወለ። የትልቁ ድምፅ ያንን ዝምታ ልክክ ብሎ ሞላው። ንጉሡ የእኔ ነው ሲለው የኖረውን ደወል ድምፅ ገና ያን ቀን ሰማ፤ አፈረም።

"ውሰደው፤ ሰዎቼም ይሸከሙልህ" አለ። "ለእኔ አዳራሽስ ምን ይቀራል?"

"ትራሱ" አለ አባ ወልደየስ።

በመንደሩ በመጀመሪያው ማለዳ ትንሹ ሲመታ ትልቁ መለሰ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ልጆቹ ግን ደነገጡ፤ እነሱ የለመዱት ዝምታውን ነበር።

ወዳጆቼ፣ የሰውን ቅርስ በጥንቃቄ መያዝ ባለቤት አያደርግም። ባለቤቱ ነገሩ በሌለበት ዘመን ሁሉ ቦታውን ለሌላ ያልሰጠው ነው። እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ የሆነ ቦታ ሰዎች ተራውን የሚጠብቁለት ነገር በትራስ ላይ አስቀምጣችሁ ይሆን?