የአያ ጅቦ ፍግና የታችኛው ምንጭ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ገብስ ያርስ በነበረበት ዘመን፣ እመት አህይት ከአያ ጅቦ ጋር ጉርብትና ያዘች። ውላቸው አጭር ነበር፤ እሷ ፍግ ትሰጠዋለች፣ እሱ አይበላትም። በየማለዳው ፍጓን ከማሳው ጥግ ትከምርለታለች፤ እሱም «ጎረቤት እንዳንቺ ነው!» ይላታል።

ክረምት ሊገባ ሲል አያ ጅቦ ያን ክምር አየና አላስችል አለው።

«ሁሉንም ባንዴ?» አለች እመት አህይት።

«ጥቂት ፍግ ጥቂት ገብስ፤ ብዙ ፍግ ብዙ ገብስ!» አለና ክምሩን ጠርጎ ማሳው ላይ ገለበጠው። ዘሩ ገና ሳይበቅል ዶፍ ወረደበት።

ከማሳው በታች አንድ ምንጭ አለ። ውኃ መጠጣት ገና የጀመረው የእመት አህይት ውርንጭላ እዚያ ነበር የሚጠጣው። እያደር መዝለሉን ተወ። ከንፈሩ ሰማያዊ መሰለ። እናቱ ውኃውን አሸተተች፣ ቀመሰች። ጥርት ያለ ውኃ ነው። ጨነቃትና ብልጡን ጋሽ ቀበሮን ጠራች።

ጋሽ ቀበሮ ምንጩን ዞረው። ዳር ዳሩን ሣሩ ፋፍቶ አረንጓዴው ጠቁሯል። ቀና ብሎ ማሳውን ቢያይ ገብሱ ቀጭጮ ቢጫ ሆኗል።

«እህቴ፣ የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም» አላት። «ፍግሽ ሟሙቶ በምድር ሥር እዚህ ወርዷል። ልጅሽን ከጋራው ማዶ ካለው ምንጭ አጠጪው። ያን ሆዳም ለኔ ተዪው።»

ሽቅብ ወጣና «አያ ጅቦ! ተሰረቅህ!» ብሎ ጮኸ።

አያ ጅቦ ከተኛበት ዘሎ ተነሣ። «ምኔን?»

«ፍግህን።»

«ማን አባቱ?»

«ዝናብ።»

«ቤቱን አሳየኝ! አጥንቱን ባላደቀው!»

ጋሽ ቀበሮ ሳቁን ዋጠ። «ዝናብ የሚሰርቀው ገብሱ ያልጎረሰውን ነው። የገብስ ሆድ እንዳንተ አይደለም፣ አያ። እንደ እንግዳ አጉርሰው፤ ሲበቅል ትንሽ፣ ሲያድግ ትንሽ። ከዚያ በዓመቱ ደግሞ ባቄላ ዝራበት፤ ባቄላ ፍግ ሳይጠይቅ ስንቁን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው።»

«እኔ እኮ በዕድሜዬ ማንንም አጉርሼ አላውቅም!»

«እንግዲያስ ዝናብን ቀልበው።»

ይህችን አልቻላትም። በቀጣዩ ክረምት አያ ጅቦ ጥርሱን ነክሶ፣ እፍኝ እፍኝ እየዘገነ ገብሱን ሲያጎርስ ታየ። «ጠገብህ ወይ?» ይለዋል ደጋግሞ። ገብሱም ዛላው ሞላ።

ምንጩ ግን ቶሎ አልዳነም፤ ምድር የዋጠችውን የምትተፋው ቀስ ብላ ነው። እመት አህይት ጋራውን ስትወጣ ስትወርድ ልጇ አገገመ፣ ጎረመሰም። አንድ ቀን ጋሽ ቀበሮ የምንጩን ዳር አየ፤ ሣሩ እንደ ሌላው ሣር ሆኗል። «አሁን ይጠጣ» አለ።

አያ ጅቦም ሊያይ መጣ። ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ፣ ያን የሞላ ጭኑን ትክ ብሎ አየና ምራቁን ዋጠ።

«አያ ጅቦ!» አለች እናቱ።

«ኧረ ስለ ፍጉ እያሰብኩ ነው!» አለ ደንግጦ። «ጠጣ፣ ልጄ፣ ጠጣ። ባንዴ አትጨልጠው እንጂ፤ ትንሽ ትንሽ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ማሳውን በልኩና በጊዜው ያጎረሰ ገብሱንም የጎረቤቱንም ልጅ እንደሚያሳድግ፣ ከልክ ያሳለፈ ግን ፍጉን ለዝናብ፣ ሕመሙን ለምንጭ እንደሚሰጥ ነው።