ቢጫው ልቃቂት

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ቢያድግልኝ ይባላል። አርባ ዓመት ሸምኗል፤ በአገሩ የሚታወቀውም በነጠላው ንጣት ነው። ፈትሉን የምታቀርብለት ጎረቤቱ ትርንጎ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በእንዝርቷ ነው።

አንድ ዓመት ሰውዬው እረፍት አጣ። የትርንጎ ፈትል ቢጫ ሆነበት። ልቃቂቱን ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ያየዋል፤ ቢጫ። ቤት አስገብቶ ያየዋል፤ አሁንም ቢጫ። ብርሃኑ ቢሻለኝ ብሎ የሽመና ጉድጓዱን ሦስት ቦታ ቆፈረ። ምን ያደርጋል፣ ወይ ፍንክች!

«ትርንጎ፣ አሮጌ ጥጥ እየቀላቀልሽብኝ ነው እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ልጆቼን ይንሳኝ! ያው የድሮው ጥጥ ነው።»

«እንግዲያው እጠቢው!»

በእንዶድ አጠበችው። ደግማ አጠበችው፤ ሠለሰችው። ፈትሉ ሳስቶ ድሩ ላይ ይበጠስ ጀመር፤ እሱም ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ በእድር ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ «ይቺ ሴት አታላይ ናት!» አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ፈትሏን የሚቀበላት ሸማኔ ጠፋ።

እሱ ግን አሁንም አላረፈም። አንዷን ልቃቂት ለማስረጃ ኪሱ ከትቶ ላገኘው ሁሉ ያሳያል። ከደጃፉ መቃን ጋር መጋጨት ሲያበዛ ልጁ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ እዚያም ልቃቂቷን አወጣ።

«ዶክተር፣ እስቲ ይፍረዱኝ፤ ይሄ ነጭ ነው?»

ሐኪሟ ዓይኑን በመብራት አየችና ወንበሯን ሳበች።

«አባባ፣ ዓይንዎ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ሌንስ አለ። የተሠራው ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲኖቹ እንደ እርስዎ ድር በሥርዓት ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሌንሱ ጥርት ይላል። መሃል ያሉት ከመወለድዎ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ሲያረጁ በአዲስ አይተኩም። በዕድሜ ብዛት ቅርጻቸው ይበላሻል፤ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሌንሱም እየደፈረሰ ቢጫ ይሆናል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ክፍል እንደሚረጋው ነው፤ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። የዓይን ሞራ የምንለው ይሄንን ነው።»

«መቼ ጀመረኝ?»

«ዓመታት ሆኖታል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ባለቤቱ አያውቀውም።»

የአንድ ዓይኑ ሌንስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ተተካ። ፋሻው በተፈታ ጊዜ ቢያድግልኝ ልቃቂቷን ከኪሱ አወጣ። በአዲሱ ዓይኑ አያት፤ ጥርት ያለች ነጭ። አዲሱን ጨፍኖ በአሮጌው አያት፤ ቢጫ። ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ትርንጎ ዘንድ ሄደ።

«ትርንጎ፣ ፈትልሽ ነጭ ነው።»

«መቼ ቢጫ ሆኖ ያውቃል፣ ጋሼ?» አለችው። እንዝርቷ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል።

ያን ጊዜ እጆቿን አየ። በእንዶድ እጥበት ብዛት መዳፏ ተሰነጣጥቋል። በአዲሱ ዓይኑ መጀመሪያ አጥርቶ ያየው የራሱን ሥራ ሆነ፤ አፍሮ አለቀሰ። በማግስቱ እድሩን ሰብስቦ፣ በሰደበበት ቦታ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት።

ወገኖቼ፣ ጥርጣሬም እንደ ሞራ ነው። ከውስጣችን ቀስ ብሎ ይበቅልና ጥፋቱ የሌላው ይመስለናል፤ ሰውን በከንቱ ስናሳጥብ እንኖራለን። ከመፍረዳችን በፊት ዓይናችንን እናስመርምር። ለመሆኑ እናንተ ዛሬ በኪሳችሁ ይዛችሁ የምትዞሩት የማንን ልቃቂት ነው?