ማንም የማይቆምበት ቦታ

አንድ ቄስ ነበሩ። ቋንቋው ሌላ ወደሆነ ሕዝብ ተላኩ።

ልጄ፣ «እማዬ፣ እንዳስተምር የተመደብኩበት አጥቢያ ሕዝቡ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ነው፤ ሳልችለው ምን ልሠራላቸው ነው?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው የእኚህን ቄስ ነገር የምነግርሽ።

አገሩ ከወንዝ ማዶ ያለ ቆላ ነው። የቀድሞው ቄስ ካረፉ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ከርሟል። ሊቀ ካህናቱ አዲሱን ቄስ ሲሸኟቸው፣ «እስከ ጥምቀት ሕዝቡ ወደ ቁርባን ካልተመለሰ ታቦቱ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል» አሏቸው። ቄሱ ይህን ፍርሃት በሆዳቸው ይዘው ወረዱ።

ሕዝቡ ግን አልጠፋም፤ ገና በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ከጎረቤት ደብር የመጡ ቄስና ዲያቆናት አገዟቸውና ቀደሱ። ቅዳሴው በግዕዝ ስለሆነ ሕዝቡ ይመልሳል፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። በሴቶቹ በኩል፣ ከመቅደሱ በር ፊት ለፊት፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ነበረ። ሰዉ ተጣብቦ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ፣ እዚያ ላይ ግን ማንም አይቆምም። የሚያልፍ ቢኖር እንኳ፣ ሰው እንዳይገፋ እንደሚጠነቀቅ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ጫፍ ጫፉን ዞሮ ነው።

የቁርባኑ ሰዓት ደረሰ። ቄሱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ብቅ አሉ። የተንቀሳቀሰ የለም። ሁሉም ዓይኑን ባዶው ቦታ ላይ ተክሎ፣ ከዚያ የሚነሣ እንዳለ ሁሉ ይጠብቃል።

ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ጨው ነጋዴ ነበር፤ ስብከታቸውን እሱ ይተረጉምላቸው ጀመር። ቄሱ ስለ ቁርባን አስተማሩ፤ እየቆዩም ገሠጹ። ስብከቱ ባለቀ ቁጥር አንዲት ሴት ወደ ነጋዴው ጠጋ ብላ ታንሾካሹካለች።

«አባ፣ እነሱም የሚሉት ነገር…» ይላል ነጋዴው።

«ቆይ ልጄ፣ አስቀድመው ቃሉን ይስሙ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥምቀት ተቃረበ። የቆረበ ሰው ግን አልተገኘም። ቄሱ ጨነቃቸው። «ይህ ቦታ ነው የያዛቸው፤ ባዕድ አምልኮ ነው» አሉ በልባቸው። ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ፣ ወንጌሉ እንደተነበበ፣ ሄደው ባዶው ቦታ መሐል ቆሙ።

የጮኸ የለም። ብዙ ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ብቻ ተሰማ። ቄሱ ስብከታቸውን ጀመሩ። ከዚያ አስተዋሉ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን አይደለም የሚያዩት። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበታቸው አጠገብ ያለ ነገር ነው የሚያዩት። ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ምንም የለም፤ የተጠረገ መሬት ነው። ከፊት የቆመች አንዲት ሴት እጇን ዘረጋችና፣ በአየሩ ላይ የሰው ራስ ያለ ይመስል፣ ቀስ አድርጋ ደባበሰች።

ያን ጊዜ ቄሱ ዝምታውን ሰሙት። እናቶች በሞሉበት ቤተ ክርስቲያን፣ እሳቸው ከመጡ ጀምሮ፣ ሕፃን አልቅሶ አያውቅም።

ወደ ነጋዴው ዞረው፣ «ልጆቹ የት አሉ?» አሉት።

«ተመስገን፣ ጠየቁኝ» አለ ነጋዴው። «አባ፣ የእኔ አህያ እንኳ ጨው አራግፋ ባዶዋን አትመለስም፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ባዶዬን ነው የመለሱኝ። ክረምቱን ኩፍኝ ገብቶ ትንንሾቹን ጨረሳቸው። ቄስ አልነበረም፣ ወንዙም ሞልቶ ከጎረቤት ደብር የሚሻገር አልተገኘም፤ ያለ ፍትሐት ተቀበሩ። ከሁሉ ቀድሞ የሚቆርበው ሕፃን አይደል? እናቶቹ ‹ልጆቻችን ሳይሸኙ እንዴት ቀድመናቸው እንቆርባለን› ነው የሚሉት። ቦታቸውን ይዘውላቸው ነው።»

ቄሱ እግራቸውን እያነሡ በጥንቃቄ ከቦታው ወጡ፤ ጫፉ ላይም ተንበረከኩ።

«ስማቸውን ጠይቅልኝ» አሉ።

ነጋዴው ከእናቶቹ እየሰማ ነገራቸው። የክርስትና ስም ነውና ለምላሳቸው አልከበደም።

«አጸደ ማርያም» ብለው ተጣሩ።

ከሴቶቹ መሐል አንዲቱ መለሰች። የመለሰችው በራሷ ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን የልጅ ድምፅ ነው።

«ገብረ ሐና።»

ሌላዋ መለሰች፤ እሷም እንዲያው። በቋንቋቸው የመለሱትን ቃል ቄሱ አያውቁትም፤ ፀጉራቸው እየቆመ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ሁሉንም ጠርተው ጨረሱ።

በማግሥቱ በየመቃብሩ ላይ ፍትሐት ተደረገ። በጥምቀት ቅዳሴ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ሕዝቡ ጥቂት ቆየ። በባዶው ቦታ በኩል ኮቴ የሚመስል ኮሽታ ሲያልፍ ሰምተናል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላውቅም። ከዚያ ግን እናቶቹ ቀረቡ፤ አባቶቹም ተከተሉ። ታቦቱም ወደ ሌላ ደብር አልሄደም።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደኚያ ቄስ ነሽ። ምላስሽ ቢንተባተብ ሕዝቡ አይቀየምሽም፤ ይስቁብሽ ይሆናል፣ ሳቁም ያላምዳችኋል። ቄሱን ሊያሰናክላቸው የነበረው ቋንቋ አለማወቃቸው አይደለም፤ አስተርጓሚ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። የራሳቸውን ቃል ብቻ ጭነው ይልኩት ነበር እንጂ የሰዎቹን አምጣልኝ አላሉትም። አንቺም የምታስተምሪውን አጥንተሽ፣ መዝሙርሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ጥሩ ነው። ግን አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ከእናቶቹ አጠገብ ቁጭ በይ። ባወቅሽው ቃል፣ ቃል ካጣሽም በእጅሽ፣ ማን እንደጎደለባቸው ጠይቂ።