የጠዋቱ አራት ባልዲ

እህቴ ስንቅነሽ ያረፈች ዕለት የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚያመላልሱ ወጣቶች ከእድሩ ሹም ጋር በዋጋ ተከራከሩ። ሹሙ የመጀመሪያውን ዙር እየሮጡ ሲያደርሱ አይተው፣ “ይህማ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው” ብለው ትንሽ ገንዘብ ጠሩ። ከልጆቹ አንዱ ሸክሙን አወረደና አንድ ተረትና ምሳሌ ተናገረ። ሹሙ፣ “እሺ፣ ስትጨርሱ እንነጋገራለን” አሉት።

ልጁን ተረቱን ከየት አገኘኸው ብትሉት ከአባቴ ይላችኋል። በእኛ ሰፈር በቀን ሥራ የሚያድር ሁሉ ይለዋል፤ መነሻውን የሚያውቅ ግን ብዙ የለም። እኔ አውቀዋለሁ። የተነገረላት ሴት በዚያ ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ተገንዛ ተኝታ ነበር። አርባዋ ሳይደርስ እጽፈዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ስንቅነሽ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሁለታችንም አዳማ ዳር በነበረ አንድ የቦሎቄ መጋዘን እንሠራ ነበር። ነጩ ቦሎቄ ሰፌድ ላይ ይዘረገፋል፤ ድንጋዩ፣ ስባሪውና የጠቆረው ይለቀምና ንጹሑ ባልዲ ውስጥ ይገባል። መጋዘኑ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። መስኮቶቹ በምሥራቅ በኩል ብቻ ስለሆኑ ጠዋት ብርሃኑ እጃችን ላይ ያርፋል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ይቀራል። ሰባ ያህል ሴቶች ነበርን። የሚከፈለን በቀን ነበር፤ የፈጠነችም የዘገየችም እኩል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ድንበሩ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ገቡ።

“ከእናንተ እጀ ፈጣኗ ማን ናት?” አሉ።

ሁላችንም ወደ ስንቅነሽ ዞርን። እህቴ በሌላ ነገር አንገቷን የደፋች ሴት ነበረች፤ በእጇ ግን ትኮራለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ተነሣች።

መስኮቱ ሥር አስቀመጧት። ተቆጣጣሪያችን ካቦው ከክምሩ ውስጥ ጠጠር ያልበዛበትን መርጦ አቀረበላት። አንድ ሰዓት ተያዘላት። ጣቶቿ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ነበሩ። ሰዓቱ ሲያልቅ አራት ባልዲ ሞልታ ነበር። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልደብቅም። አቶ ድንበሩ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጥተው ሰጧት። ቆማ ጠጣችና ግማሹን ለእኔ አስተረፈችልኝ።

በማግስቱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ጆንያ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ፊደል መለየት ተምሬ ስለነበር ለሴቶቹ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አራት ባልዲ በስምንት ሰዓት ሲባዛ ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሁለት የሞላች ሙሉ የቀን ዋጋዋን ታገኛለች፤ ያልሞላች በጎደለው ልክ ይቀነስባታል።

“ያ ለስላሳ ስንት አወጣ በይኝ?” አለች አንዷ ከኋላዬ። የሳቀ አልነበረም። ስንቅነሽ ሰምታለች፤ ሰፌዷን አንሥታ ወደ ቦታዋ ሄደች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ ሁለት የሞላች አንዲት ሴት አልተገኘችም። እኔ ከአሥራ ዘጠኝ አልፌ አላውቅም። ስንቅነሽ ራሷ ሽንት ቤት ሳትሄድ ውላ ሃያ ሦስት፣ ቢበዛ ሃያ አራት ነው። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ አረጋሽ ተሰናበቱ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቀና ሳይሉ የሚሞሉት አሥራ ስድስት ነበር። ካቦው “ቦታ ብቻ ነው የያዙት” አላቸው። ሰፌዳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሲወጡ እህቴ ፊት ቆሙ።

“እጅሽ ይባረክ ልጄ፤ አፍሽ ግን ያን ቀን እምቢ ቢል ምን ነበረበት?” አሏት።

ስንቅነሽ የዚያን ዕለት የግማሽ ቀን ዋጋዋን አጥታ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። የቢሮው ሰው ፋይል አውጥቶ አገላበጠ።

“ለእናንተ ዓይነት ሥራ ከዚህ በታች አይከፈልም ብሎ ሕጉ የቆረጠው ወለል የለም፣ እህቴ። ዋጋው በስምምነት ነው” አላት።

“ታዲያ ማን ተስማማ?”

“ኃላፊው በጻፉት ደብዳቤ ላይ ለሙከራ የተቀመጠችው ሠራተኛ አምናበታለች ይላል።”

“ያቺ ሠራተኛ እኔ ነኝ” አለችው።

ሰውዬው ፋይሉን ዘጋና ቀና ብሎ አያት። “እንግዲያው መለኪያውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ማስነሣትም የምትችዪው አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም” አላት።

በማግስቱ ሥራ ሳይጀመር አቶ ድንበሩን በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

“ጋሼ ድንበሩ፣ ልኩ የወጣው በእኔ ነው አይደል?”

“በአንቺ ነው። እጅሽ እኮ ማሽን ነው።”

“እንግዲያው ዛሬ እርስዎ ፊት ሙሉ ቀን ልዋል። ሠላሳ ሁለት ከሞላሁ አንድ ወር በነፃ እሠራለሁ።”

“ካልሞላሽስ?”

“ወረቀቱ ይነሣ። እትዬ አረጋሽ ይመለሱ። አዲሱም ልክ እሳቸው ሙሉ ቀን ውለው በሚሞሉት ይውጣ። እሳቸው የሚደርሱበት ሁላችንም እንደርሳለን።”

አቶ ድንበሩ ሳቁ። ያዩት ያንኑ የጠዋቱን አራት ባልዲ ነበር። “ሆን ብለሽ ብትጎተቺስ?” አሏት።

“አጠገቤ ይቀመጡና እጄን ይዩ። የተጎተትኩ የመሰለዎት ጊዜ ያስቁሙኝ፤ ተሸንፌያለሁ።”

“ተስማምቻለሁ። ምስክር ጥሪ።”

የጠራችው ዘበኛውን አባባ ኩምሳን ነው። መጋዘኑ ከመሠራቱ በፊት ጀምሮ ያንን ግቢ የጠበቁ ሽማግሌ ናቸው። በርጩማቸውን ከበሩ አጠገብ አድርገው ጠመኔ ያዙ፤ ለያንዳንዱ ባልዲ በሩ ላይ አንድ ሊጭሩ።

በመጀመሪያው ሰዓት አራት ጭረት ተጫረ። በሁለተኛውም አራት። ቤታችን ውስጥ ሁለት ልጆቿና እኔ የምንበላው ከዚህችው ከሁለታችን እጅ ነው። ቦሎቄ የምወስድ መስዬ አጠገቧ ጎንበስ አልኩ።

“እታለም፣ ቀስ በይ እንጂ። ወር ሙሉ ምን ልንበላ ነው?”

“እጄን አላዋርድም” አለችኝ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ። “ቀኑ ራሱ ይመስክር። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።”

በሦስተኛው ሰዓት አራት፣ በአራተኛው ሦስት። ለምሳ ስንወጣ በሩ ላይ አሥራ አምስት ጭረት ነበር። አቶ ድንበሩ ጥርሳቸውን በስንጥር እያጸዱ፣ “ከምሳ በኋላማ ትበረቻለሽ” አሏት።

“እናያለን” አለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሰን ገባን። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ይንጣጣ ጀመር። ከጆንያው የሚነሣው አቧራ ላብ ላይ ይለጠፋል። ስንቅነሽ ዓይኗ ሲያለቅስ በትከሻዋ ትጠርጋለች እንጂ እጇን ከሰፌዱ አታነሣም። አቶ ድንበሩ መጀመሪያ ኮታቸውን አወለቁ። ቀጥሎ በጋዜጣ ማራገብ ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበራቸውን ይዘው ወደ በሩ ጥላ ተሻገሩ።

“ጌታዬ፣ እጇን ይዩ ተብለዋል እኮ” አሏቸው አባባ ኩምሳ።

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። አቶ ድንበሩ ወንበራቸውን ይዘው ተመለሱ። እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ አንድም ጊዜ ግን “አቁሚ” አላሏትም። የሚሉበት ምክንያት አላገኙም። እጇ አልቆመም፤ እየከበደ የሄደው ቀኑ ነው። ከምሳ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። ሃያ ሦስት ጭረት። የስንቅነሽ ጣቶች እንደታጠፉ ቀሩ፤ ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። ቤቱ ሁሉ አቶ ድንበሩን ይጠብቃል። እሳቸው ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

“ጠዋት ግን በሰዓት አራት ሞልተሻል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አራት በስምንት ሠላሳ ሁለት ነው። ሒሳብ አይዋሽም። እንደ ጠዋቱ መዋል አለመዋል የአንቺ ጉዳይ ነው” አሉ።

ስንቅነሽ “ምስክር አለን” ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

እትዬ አረጋሽ በዚያው ሳምንት ተመለሱ። ሙሉ ቀን ውለው አሥራ ስድስት ሞሉ፤ አዲሱ ወረቀት አሥራ ስድስት ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በላይ የሞላች ተጨመረላት። እህቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት እዚያው ሠራች። ሰዓት ይዞ የመጣ አዲስ ኃላፊ ሁሉ መስኮቱ ሥር ሊያስቀምጣት ሲል፣ “ከአሥር ሰዓት ጀምር፤ ያኔ እቀመጥልሃለሁ” ትለው ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌው ከተናገሩት የተነሣ ነው።

አባባ ኩምሳ ጠመኔውን ኪሳቸው ከተው ከበርጩማቸው ተነሡ። በበሩ ላይ ያሉትን ጭረቶች ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳበሷቸው፤ ወደ እህቴ ጣቶች ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ አቶ ድንበሩ ዞረው እንዲህ አሉ፦ “ጌታዬ፣ በማለዳ ጉልበት የማታ ዋጋ አይቆረጥም።”